ሰኞ ዕለት ነፋሱ ወዴት ይነፍስ ነበር?

ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሆነን አራት ኪሎ አካባቢ ካለች አንዲት ቡና ቤት የጓሮ ክፍል እንሰበሰብና ስላነበብነው መጽሐፍ እናወራለን። አንድ ደብተር አለን። ከመለያየታችን በፊት እያንዳንዳችን ስለ መጽሐፉ አንድ ዐረፍተ ነገር እንጽፍበታለን። ከሁለት ወር በፊት እዚያ ደብተር ላይ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። «መጨረሻው በሳል ነው፤ ሰላዩ አገር እንዳይሸበር ሲል ዝም አለ» ይላል። በእጄ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

የመጽሐፉን ስም አልጠቅስም፤ ነገሬ ከአንድ ደራሲ ጋር አይደለም። የዚህ ዓይነት የስለላ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። ከምስጢራዊ ቤተ ሙከራ አንድ ብልቃጥ ይጠፋል። ብልቃጡ ውስጥ ለጦርነት የተዘጋጀ በሽታ አለ። ሰላዩ እሱን ፍለጋ ከአገር አገር ይዞራል። መሐል ላይ ጠላት በሽታውን በአንዲት ትንሽ ከተማ ይሞክረውና ሦስት መቶ ሰው ይሞታል፤ ይኼ በአንድ አንቀጽ ያልቃል። በስተመጨረሻ ብልቃጡ ሲገኝ ሰላዩና አንድ ሚኒስትር በር ዘግተው ይመክራሉ። ሕዝቡ እንዳይደናገጥ፣ ሦስት መቶዎቹ የሞቱት የተበላሸ ምግብ በልተው ነው ተብሎ እንዲነገር ይስማማሉ።

እኔ በሳል ያልኩት ይህንን ነው።

ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ አስተያየት

የዚያን ቀን ጨዋታው ሞቅ ብሎ ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ልጅ፣ መጽሐፉን በሁለት ሌሊት እንደጨረሰው ነገረን። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ሁሉም ልብ አንጠልጥለው ያቆማሉ፤ እውነቱን ነው። የፋርማሲ ባለሙያዋ ግን ገና ቡናው ሳይቀዳ ጀመረች። በ48 ሰዓት ክትባት ተሠርቶ፣ ተጓጉዞ፣ አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ይከተባል የሚለውን ምዕራፍ ስታነብ መጽሐፉን መዝጋቷን ተናገረች። አዲስ ክትባት ይቅርና መጋዘን ውስጥ ያለውን እንኳ ሰው ክንድ ላይ ማድረስ ምን እንደሚመስል የምታውቅ ሴት ናት። «እኔ የምሠራውን ሥራ አስማት ሲያደርጉት ደስ አይለኝም» አለች።

የታሪክ መምህራችን ሌላ በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1925 የተፈረመው የጄኔቫ ስምምነት የመርዝ ጋዝንም፣ በሽታን መሣሪያ ማድረግንም አንድ ላይ ከልክሎ እንደነበር አስታወሰን። ጣሊያን ፈርማለች። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ያንን መርዝ በአውሮፕላን ጭና አባቶቻችን ላይ አዘነበችው። «ከዚያ በላይ የሚገርማችሁ» አለ መምህሩ፣ «የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ይህንን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት! ቆዳቸው የተላጠ ሰዎች በሕይወት እያሉ፣ አልሆነም ሲባል ኖረ።» ይህንን ሰምቼ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያቺን ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ አንዱ ይህ ነው። ሁለቱን ነገሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይዤ ማገናኘት አልቻልኩም።

ተራው የጋሼ ሆነ። ስማቸውን መጻፍ አይወዱም፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ብዙ አይናገሩም፣ መጽሐፉን ሲያነቡ ግን በእርሳስ ያሰምሩበታል። ያን ቀን መጽሐፉን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ነበር።

«እኔ መጨረሻውን አላነበብኩትም» አሉ። «ምግብ ነው እንበል ያሉበት ላይ ስደርስ አቆምኩ።»

«ለምን ጋሼ? ዋናው እኮ እሱ ነው» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ፣ ዋናው እሱ ነው» አሉ። ቀጥለው የነገሩን እነሆ።

ቋንጣው

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ወጣት የእንስሳት ጤና ረዳት ሳሉ፣ ወሎ ውስጥ አንዲት ወረዳ ተመድበው ነበር። በእርሻ ወራት አንድ ገበሬ በሬው ታመመበት። ከሞተ በክት ነው፤ በክት ደግሞ አይበላም። ስለዚህ ገበሬው እንደ ማንኛውም ድሃ አደረገ። በሬው ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ አደረሰለትና ሥጋውን ለጎረቤት በቅናሽ አከፋፈለ። የአንድ በሬ ኪሳራ አንድ ቤት ብቻውን አይችለውም። ጎረቤት ሥጋውን የሚገዛው ስለራበው ብቻ አይደለም፤ መረዳዳትም ነው።

ጋሼ በማግስቱ ደረሱ። ቆዳው ገና አጥር ላይ ተሰጥቷል። መሬት ላይ የፈሰሰው ደም ጠቁሯል፣ ግን አልረጋም። ጣፊያውን አምጡ ብለው አዩት። «ጣፊያ አታውቁም እናንተ» አሉን፣ እጃቸውን ዘርግተው መጠኑን እያሳዩ፣ «ይህን የሚያህል ሆኖ፣ ሲነኩት እንደ ጭቃ ይፈርሳል።» ሌላ ምርመራ አላስፈለጋቸውም። አባ ሰንጋ ነው።

ሐሙስ የከብት ገበያ ነበር። የበላይ ኃላፊያቸው ጠርተው እንዲህ አሏቸው፦ ስሙን እንዳታነሳ። ገበያው ይዘጋል፣ ሕዝቡ ይሸበራል። ሥጋውን ተዉት፣ የሆድ በሽታ ነው በላቸው። ጋሼም ከቤት ቤት እየዞሩ እንደተባሉት ተናገሩ። ሰዉ ሰማቸው፤ የቀረውን ጥሬ ሥጋ ብዙዎቹ ጣሉት። አንዲት እናት ግን ድርሻዋን ዘልዝላ ቋንጣ አድርጋ ሰቅላው ነበር። የሆድ በሽታ ከሆነ ደርቆ፣ በበርበሬ ታሽቶ፣ ተቀቅሎ ምን ያደርጋል? አልጣለችውም።

ከሳምንት በኋላ እጇ ላይ ቁስል ወጣ። መሐሉ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ዙሪያው ያበጠ፣ ሲነኩት ግን የማያም ቁስል። በሽታው በፈረንጅ አፍ አንትራክስ የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በግሪክ ቋንቋ ከሰል ማለት ነው። እሷ በፔኒሲሊን ዳነች። ልጇ አልዳነም።

«ስሙን ብናገር ኖሮ» አሉ ጋሼ፣ «ቋንጣውን ከነገመዱ ትቀብረው ነበር። አባ ሰንጋ የሚለውን ስም የማያውቅ አርሶ አደር የለም። ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚሰማው። እኔ መድኃኒቱን ይዤ ዞርኩ፣ ስሙን ግን ደበቅሁ። መድኃኒቱ ስሙ ነበር።»

ማንም አልተናገረም። አስተናጋጇ ስኒ ልትሰበስብ ገብታ ተመልሳ ወጣች። ከዚያ ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ሳይቆጡ፣ እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ ግን በሳል ነው ያልሽው ምኑን ነው?»

የመለስኩላቸው ነገር አልነበረም። ደብተሩ ያኔ ከእኔ ፊት ነበር፤ ጽፌ ጨርሼ ለቀጣዩ ሰው ገፋ ላደርገው ስል ነው የጠየቁኝ።

ሥጋ ከሆነ ጣሪያው ለምን ይታጠባል?

ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ልብ ወለድ አልነበረም ያነበብኩት። ስቨርድሎቭስክ የሚለውን ስም ከዚያ በፊት በጨረፍታ ሰምቼው ነበር፤ ዛሬ የካተሪንበርግ የምትባለው የሩሲያ ከተማ ናት። የጋሼ ታሪክና የዚያች ከተማ ታሪክ እንደ መስተዋት የተገለባበጡ ናቸው። እዚህ ሥጋው እውነት ነበር፤ የተደበቀው ስሙ ነው። እዚያ ስሙን አልደበቁትም፤ ውሸቱ ሥጋው ነበር።

ሰኞ ሚያዝያ 2 ቀን 1979 ነው፤ በእኛ መጋቢት 24 ቀን 1971 ዓ.ም.። ከተማዋ ውስጥ ግቢ 19 የሚባል የጦር ሠራዊት ተቋም ነበር። ሶቭየት ኅብረት በሽታን መሣሪያ ማድረግን የሚከለክለውን የ1972 ዓለም አቀፍ ስምምነት ፈርማለች፤ እንዲያውም የሰነዱ አደራ ከተሰጣቸው ሦስት መንግሥታት አንዷ ናት። በግቢ 19 ውስጥ ግን የአባ ሰንጋን ዘር እያደረቁ ዱቄት ያደርጉ ነበር። በሶቭየት የበሽታ መሣሪያ ፕሮግራም ምክትል ኃላፊ የነበረውና በኋላ አሜሪካ የገባው ኬን አሊቤክ እንደተረከው፣ ለጽዳት የተነሳ አንድ የአየር ማጣሪያ በቦታው ሳይመለስ ማሽኑ ሥራ ጀመረ። ሰላይ የለም፣ የተሰረቀ ብልቃጥ የለም። አንድ ሠራተኛ ለሚቀጥለው ተረኛ በወጉ ያላስተላለፈው አንድ ማጣሪያ ነው። ዱቄቱ በነፋስ ወጣ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰዎች ትኩሳት ይዟቸው ሆስፒታል ይገቡ ጀመር፤ ብዙዎቹ አልወጡም። ቢያንስ 66 ሰው ሞተ። ሬሳዎቹ ክሎሪን ተነስንሶባቸው ለብቻ በተከለለ መቃብር ተቀበሩ። መንግሥት፣ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሥጋ በየመንደሩ ተሸጦ ነው አለ። ጣት ወደ ሥጋ ሻጮች ተቀሰረ። የጸጥታው ኮሚቴ፣ ኬ.ጂ.ቢ.፣ የሆስፒታሉን መዝገብ ሰብስቦ ወሰደ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የቤቶችን ግድግዳና ጣሪያ፣ ዛፎችን ሳይቀር በውኃ ያጥቡ ነበር። ጥርጊያ መንገዶች አስፋልት ተደረገባቸው። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ተተኮሰባቸው።

እዚህ ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሥጋ ከሆነ ጣሪያው ለምን ይታጠባል?

ደግሞም ውሸቱ ተራ ውሸት አልነበረም። የሃርቫርዱ ሳይንቲስት ማቲው ሜሰልሰን ሕይወቱን የሰጠው በሽታ መሣሪያ እንዳይሆን ለመታገል ነው። እሱ እንኳ በ1980ዎቹ የሶቭየት ሐኪሞችን አነጋግሮ የሥጋው ታሪክ የማይታመን እንዳልሆነ ተናግሮ ነበር። አልፈርድበትም። አባ ሰንጋ በእርግጥም በሥጋ ይተላለፋል፤ የጋሼን ታሪክ የሰማ ሰው ይህንን ያውቃል። ጥሩ ውሸት ከእውነት ቤት ነው ልብስ የሚዋሰው። እኔም በዚያ ከተማ ብኖር አምን ነበር።

ያላመነች ግን ነበረች። ፋይና አብራሞቫ የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ናት። ካየቻቸው የመጀመሪያ አስከሬኖች በአንዱ የአንጎሉ ሽፋን በደም ተሞልቶ ራስ ላይ እንደተደፋ ቀይ ቆብ ሆኖ አገኘችው፤ ሐኪሞች የካርዲናል ቆብ ይሉታል። አባ ሰንጋ መሆኑን ተረዳች። ከባልደረባዋ ከሌቭ ግሪንበርግ ጋር ሆና የሟቾቹን ደረት ስታይ ደግሞ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያሉት ዕጢዎች በደም አብጠዋል። የበሉት ነገር ቢሆን ዋናው ጉዳት ሆድ ዕቃ ላይ ነበር የሚታየው። እነዚህ ሰዎች በሽታውን ተንፍሰውታል። መዝገቡ ሲወሰድ ሁለቱ ሐኪሞች የሰውነት ናሙናዎቹን ደብቀው አስቀሩ። አሥራ ሦስት ዓመት ያህል አስቀመጧቸው። በኋላ ያሳተሙት የ42 አስከሬን ምርመራ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይኼ ተረት ግን አንድ ነገር ይደብቃል፦ እውነት በራሱ አይጠራም፤ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ጠርሙስ ውስጥ አኑሮ ሊጠብቀው ይገባል።

በ1992 ቦሪስ የልሲን የአደጋው ምክንያት ጦር ሠራዊቱ እንደነበር አመኑ። አደጋው ሲደርስ የዚያው ክፍለ ሀገር የፓርቲ ኃላፊ ራሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ሜሰልሰን ቡድን ይዞ ወደ ከተማዋ ሄደ። አብራው የሄደችው ሶሲዮሎጂስቷ ጂን ጊልሚን የሟቾችን ስምና አድራሻ የያዘ ዝርዝር ይዛ በር እያንኳኳች ቤተሰቦችን አነጋገረች። መቃብር ላይ የተጻፉ ቀኖችን አነበቡ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ሰውየው በዚያ ሳምንት የት ይሠራ ነበር? የት ይተኛ ነበር? ቀን የት ይውል ነበር?

መልሱን በካርታ ላይ ሲያስቀምጡት ሰዎቹ አንድ ቀጭን መስመር ላይ ተሰለፉ። መስመሩ ከግቢ 19 ተነስቶ ወደ ደቡብ፣ የሴራሚክ ፋብሪካውን አልፎ እስከ ከተማዋ ዳርቻ ይደርሳል። ለዚያ ሳምንት ሥልጠና ብቻ የመጡ ተጠባባቂ ወታደሮችም ከሟቾቹና ከታማሚዎቹ ውስጥ ነበሩ። ከከተማ ውጪ፣ በዚያው መስመር ላይ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ድረስ ባሉ ስድስት መንደሮች በጎችና ላሞች ሞተዋል። ሰኞ ዕለት ነፋሱ ይነፍስ የነበረው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። በሥጋቸው የተሳበበባቸው ከብቶች ራሳቸው ምስክር ሆኑ። ሥጋ በየአቅጣጫው ይሸጣል፤ በነፋስ አቅጣጫ ብቻ የሚሸጥ ሥጋ የለም።

ስምና ቁጥር

ልብ ወለዱን እንደገና ገለጥኩት። በመጽሐፉ ውስጥ በሽታው የሕዝብ ስም የለውም፤ ፊደልና ቁጥር ነው። ደራሲው ይህንን አልፈጠረውም። አሊቤክ እንደሚለው ሶቭየቶቹም ያንን ዝርያ 836 ብለው ይጠሩት ነበር። አንድ አርሶ አደር ከእናቱ የተማረው ስም ሲነሳና ቁጥር ሲተካ፣ በሽታው የጥቂት ሰዎች ንብረት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ማወቅ፣ ስለ እሱ መናገር፣ ስለ እሱ መዋሸትም የእነሱ ሥራ ነው። የስለላ ልብ ወለድ ደስታ ያለው እዚህ ውስጥ ይመስለኛል። አንባቢውን ከሚያውቁት ወገን ያስቀምጠዋል። እኔ ሚኒስትሩ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ በሩ ሲዘጋ ከውስጥ ነበርኩ። ትንሿ ከተማ ውስጥ ብሆን ኖሮ ያንን ውሸት በሳል እለው ነበር?

ሽብር የሚባለውንም ነገር ደጋግሜ አሰብኩበት። ክፉ ዜና ሲነገር ሰው ይረበሻል፤ ይህ አይካድም። ግን በ2001 አሜሪካ ውስጥ የአባ ሰንጋ ዱቄት በደብዳቤ ሲላክ የሆነውን ተመልከቱ። ምክር ቤት ደብዳቤው የተከፈተበት ቢሮ ሠራተኞች ወዲያው ተመረመሩ፣ መድኃኒት ጀመሩ። ያንን ደብዳቤ የለየው የፖስታ ማዕከል ግን ለቀናት ሥራውን ቀጠለ፤ ሁለት የፖስታ ሠራተኞች ሞቱ። በጠቅላላው ከሞቱት 5 ሰዎች ሁለቱ እነዚህ ናቸው። አደጋው የእነሱም መሆኑን ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። ማን ይነገረው፣ ማን ይቆየው የሚለውን የሚወስነው ሁልጊዜ በሩ ውስጥ ያለው ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስንል ስለ በሽተኛው የምንናገር ይመስለን ነበር። ሌላው የደበቀበትስ?

የስለላ ልብ ወለድ አታንብቡ እያልኩ አይደለም፤ እኔም አነባለሁ። ያ መጽሐፍ ባቡሩ ላይ ያለውን ማሳደድ የጻፈበትን መንገድ ዛሬም እወደዋለሁ። የማልቀበለው ያቺን አንዲት አንቀጽ ነው። ሦስት መቶ ሰው ሞቶ አንድ ሰው እንኳ ቤቱ አይገባም፣ አንዲት እናት እንኳ አትጠየቅም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ቤት ሄድኩ። ደብተሩንም ይዤ ነበር። ያቺን ዐረፍተ ነገር አልሰረዝኳትም። ከሥሯ ቀን ጽፌ «ሦስት መቶዎቹ የዚያን ዕለት የት ነበሩ?» የሚል ጨምሬበታለሁ። ጋሼ አነበቡት፣ ምንም አላሉም። ከዚያ የስቨርድሎቭስክን ካርታ በወረቀት ላይ ሣልኩላቸው፤ ግቢውን፣ ፋብሪካውን፣ ወደ ደቡብ የሚወርደውን መስመር፣ ስድስቱን መንደሮች። መነጽራቸውን አድርገው መንደሮቹ ላይ ጣታቸውን እያስቀመጡ ቆዩ።

«ያቺ ናሙናውን የደበቀችው ሐኪም» አሉ ቆይተው። «ስሟን ድገሚልኝ።»

«ፋይና አብራሞቫ።»

«ጻፊልኝ።»

ከካርታው ጠርዝ ቆርጬ ጻፍኩላቸው። ሁለቴ አነበቡት፣ በአራት አጠፉት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ፣ ወረቀቷንም ከላዩ አድርገው ዘጉት።